አባቴ የናቃቸው ድራሞች

ባለፈው ወር ታናሿ ልጄ በሲያትል ዳር ስካይዌይ ሰፈር ወደሚገኝ አንድ ጋራዥ ወሰደችኝ። ወሰደችኝ የምለው፣ መኪናውን የነዳሁት እኔ ብሆንም መንገዱን የምታውቀውም ጉዳዩም የእሷ ስለ ነበረ ነው። ዐሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። የመጀመሪያዋን ድራም ልትገዛ ፈልጋለች፤ አዲስ ግን አትፈልግም። «ኖ፣ አባ፣ አሮጌው ይሻላል» ትላለች። «እንጨቱ ደርቋል። ድምፁም ይሻላል፣ ዋጋውም ይሻላል።» ስለ ድራም የማውቀው ነገር ይኖራል ብላ አልጠረጠረችም፤ እኔም እንድትጠረጥር አላደረግሁም።

ሻጩ ድራሙን የሸፈነበትን ሸራ ገለጠ። ልጄ ትልቁን ከበሮ አዘንብላ፣ ከጎኑ ባለችው የአየር ማስወጫ ቀዳዳ አፍንጫዋን አስጠጋችና «የሻገተ ከሆነ በጠረኑ ይታወቃል፤ ና አሽትት» አለችኝ። ጎንበስ ብዬ አሸተትሁ። እርጥብ አቧራ፣ ያረጀ እንጨት፣ ከሁለቱ ሥር ደግሞ የደረቀ ቆዳ። ቀና ስል ፊቴን አይታ «ምነው?» አለች።

«ምንም። መኪና ውስጥ ልጠብቅሽ» ብዬ ወጣሁ።

ዝናቡ የመኪናውን መስታወት እስኪያለብሰው ድረስ ብቻዬን ተቀመጥሁ። የኖርሁት የሌሎችን ሰዎች ጽሑፍ በማረምና በማመሳከር ነው፤ የራሴን ነገር በወረቀት ማስፈር አልለመድሁም። ስለዚያ ክረምት ለሚስቴም ሆነ ለልጆቼ ተናግሬ አላውቅም። አሁንም የምጽፈው ስለዚያ አንድ ክረምት ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ስላለው ሕይወቴ የሚነገር ነገር ካለ ሌላ ሰው ይናገረው።

ክረምት የምለው የሲያትልን ነው። በአገራችን ክረምት ሲወጣ መስከረም ይጠባል፤ እዚህ መስከረም ሲያልቅ ነው ሰማዩ የሚወርደው። ከጥቅምት እስከ መጋቢት ድረስ ዝናቡ አይጮኽም፣ አያጉረመርምም፣ አያባራም። ያኔ ዐሥር ዓመቴ ነበር፤ ከገባን ሁለተኛ ዓመታችን። ሦስት ነበርን፦ አባቴ፣ ታላቅ ወንድሜ ሰዒድና እኔ። የምንኖረው ዛሬ ባቡሩ ከሚያልፍበት ከኦቴሎ ሰፈር ብዙም በማይርቅ አፓርታማ ምድር ቤት ነበር። መስኮታችን ከሣሩ እኩል ስለ ነበረ ጎረቤቶቻችንን የማውቃቸው በጫማቸው ነበር። ግድግዳው ላብ ያልበዋል። ልብስ ከታጠበ በሦስተኛው ቀን እንኳ ስንለብሰው ይቀዘቅዘናል።

እናታችን ዘይነባ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ቀርታለች። ወረቀቷ ከእኛ ጋር አላለቀላትም፤ «ቀድማችሁ ግቡ፣ እከተላችኋለሁ» ብላ ሸኘችን። ሰው ሲያለቅስ ማየት የማትወድ ሴት ነበረች። መኪናው ሊነሣ ሲል የሰዒድን ጆሮ ይዛ፣ «አንተ፣ ስመጣ እንደ አባትህ ድቤ እየመታህ ነው የምትቀበለኝ። ዝም ብለህ ተገትረህ ባገኝህ በመጣሁበት መኪና ነው የምመለስ!» አለችው። ሁላችንም ሳቅን። ሰዒድ ግን ሳቁን ጨርሶ ቃሉን ያዘው።

አባቴ ወሎ ሳለ በመንዙማ ቤት ድቤ መቺ ነበር። ለመውሊድ ከሩቅ ቀበሌ ድረስ በበቅሎ ይወስዱት እንደ ነበር እናቴ ትነግረን ነበር እንጂ እሱ ስለ ራሱ አያወራም። ሲያትል ውስጥ ሥራው ቱክዊላ በሚገኝ መጋዘን ሣጥን መጫን ነው። ድቤውን ድንበር ስንሻገር ለሰው ሰጥቶት ቀርቷል።

ሰዒድ ዐሥራ ስድስት ዓመቱ ነበር። በትምህርት ቤቱ የሙዚቃ ክፍል አንድ ቀን የድራም መምቻ ዱላ አስያዙት፤ ከዚያን ቀን ወዲህ እህል ሲበላ እንኳ ጣቶቹ አያርፉም። ቅዳሜ ቅዳሜ መኪና እያጠበ ሁለት መቶ ዶላር አጠራቀመ። በዚያ ገንዘብ አዲስ ድራም የማይታሰብ ነው፤ ያረጀ ግን ይገኛል። የእናታችን ወረቀት ለጸደይ ይደርሳል ተብሎ ተጽፎልን ነበርና ሐሳቡ ግልጽ ነበር፦ በዚያው ክረምት ገዝቶ፣ ተለማምዶ፣ ስትገባ መምታት። አባቴ ሲሰማ ከመጣን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሱ ታየ።

«ድራሙን የምመርጠው ግን እኔ ነኝ» አለ። «አንተ የምታየው ቀለሙን ነው። ፈረስና ከበሮ በቀለም አይገዛም።»

የመጀመሪያውን ያየነው ሬኒየር ጎዳና ላይ ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ ነው። አባቴ የሥራ ካፖርቱን ለብሶ፣ እንደ ዳኛ ዙሪያውን ዞረው። ትንሹን ከበሮ አንሥቶ በመስታወቱ ጠረጴዛ ላይ በአፉ ደፋውና ጎንበስ ብሎ ብርሃን በሥሩ ያልፍ እንደ ሆነ አየ። ካለፈ ጠርዙ ተጣሟል ማለት ነው። ከዚያ ከኪሱ በወረቀት የተጠቀለለ ምስር አወጣ።

ባለሱቁ ከመነጽሩ በላይ ተመለከተውና አንድ ነገር ተናገረ። ሰዒድ በሳቅ እየተናነቀ ተረጐመ፦ «ሾርባ ልትሠሩ ነው ወይ ይላል።»

«እሳት ካለው እንጥዳለን በለው» አለ አባቴ።

እፍኝ የማይሞላ ምስር በከበሮው ፊት ላይ በተነ። ሰዒድ ጠርዙን በጣቱ ቀስ ብሎ ይመታል፤ ምስሩ ይነቃና ይሄዳል። አወጣጠሩ እኩል ከሆነ ወደ አንድ ቦታ ይሰበሰባል፤ አንዱ ወገን ከላላ ወደዚያ ይሸሻል። በወሎ ድቤ ሲገዛ እንዲህ ይፈተናል። እኔ ግን ይህን አላወቅሁም። እናቴ ጠጠር ጥለው ስለ ራቀ ሰው ስለሚናገሩ አዋቂዎች ነግራኝ ነበርና፣ አባቴ በጠጠር ፋንታ ምስር እየጣለ እናቴ መቼ እንደምትመጣ የሚጠይቅ መሰለኝ። ትንፋሼን ውጬ አየሁ። ምስሩ ወደ ግድግዳው በኩል ሸሸ።

«ገና ነው» አልሁ በልቤ።

አባቴም ራሱን ነቀነቀ። «ይህ አይሆንም። ግን ቆይ» አለና፣ ምስሩን ጠርጎ እጅጌውን ሰበሰበ። በሁለት መዳፉ መታው። ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። ባለሱቁ መነጽሩን አወለቀ፤ አንዲት ሴትዮ የያዘችውን መብራት እንደ ያዘች ቆመች። የአባቴ እጆች እንደዚያ መሆን እንደሚችሉ አላውቅም ነበር። በዝናብ ወደ አውቶቡሱ ስንሄድ ሰዒድ ከኋላው እየተከተለ «አባባ፣ ያቺን የመጨረሻዋን እንዴት ነው? አሳየኝ፣ አንዴ ብቻ» እያለ ይለምነው ነበር።

ከዚያ በኋላ አባቴ ከበሮ ሲመታ አላየሁም።

ከገዳሪፍ ደብዳቤ የደረሰው በዚያው ሳምንት ነው። የጻፈው የእናቴ ወንድም ነበር። እናታችንን የወሰዳት የወባ ትኩሳት ነው ይላል፤ በአራተኛው ቀን። አባቴ ከመጋዘኑ ሲመለስ ከፖስታ ሣጥኑ አውጥቶ፣ በደረጃው ላይ ቆሞ አንብቦ፣ ወደ ቤት ሳይገባ በዝናቡ ወደ ሸህ ኢድሪስ ሄደ። ሸህ ኢድሪስ በሰፈሩ ያለን ጥቂት የአገር ሰዎች የምናከብራቸው ሽማግሌ ነበሩ፤ ኒካሕ ማሰሩም ጀናዛ መሸኘቱም በእሳቸው ነው። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ኋላ ነው። ያን ምሽት የማስታውሰው አባቴ ጫማው ረጥቦ ገብቶ ማካሮኒ እንደ ቀቀለልንና ጨው እንደ ረሳ ብቻ ነው።

መርዶ በሩጫ አይነገርም። ሰው ተጠርቶ፣ ደጋፊ ክንድ ተዘጋጅቶ፣ በማለዳ ነው። ይህን ማንም የአገሬ ሰው ያውቀዋል። ሸህ ኢድሪስ በመጀመሪያ «ሰዒድ የትምህርት ቤት ፈተናውን ይጨርስ» አሉ። ፈተናው አለቀ። ከዚያ አባቴ ራሱ ለመነ፦ «ድራሙን ይግዛና ከዚያ ይነገረው። ልቡ ተንጠልጥሎ ባለበት አልሰብረውም።» ሸህ ኢድሪስና የአገር ሰዎቹም ርኅሩኆች ስለ ነበሩ እሺ አሉት። ቀጠሮው አንድ ጊዜ በድራሙ ላይ ከተንጠለጠለ በኋላ ድራሙ መገዛት አልቻለም።

እየዞርን ያየናቸውን ሁሉ ልዘረዝር አልችልም። ሬንተን ከተማ አንድ ሰማያዊ ድራም ነበረ፤ አባቴ «የሲጋራ ጠረን አለበት» አለ። ቱክዊላ አንድ ቀይ ነበረ፤ ሰዒድ ገና እንዳየው አፈቀረው። አባቴ በጥፍሩ ቧጨር አደረገና «ላስቲክ ነው፤ ቆዳ አይደለም» አለ።

«ሁሉም እኮ ላስቲክ ነው፣ አባባ! አሁን ማንም ቆዳ አይጠቀምም።»

«እንግዲያውስ እንፈልጋለን።»

ለአባቴ ድሮ የማይሆን ነገር አልነበረም፤ በተሰነጠቀ ድስት የሚያበስል፣ በአንድ ቀበቶ ሁለት ሱሪ የሚያስር ሰው ነበር። አሁን ለአንዲት የጎደለች ብሎን አንድ ሙሉ ድራም ይንቃል። እኔም አየሁት፦ ምስሩን ይበትናል፣ ጠርዙን ያያል፣ ያሸታል፤ መምቻው ላይ ሲደርስ ግን እጁን ወደ ኪሱ ይከትና «አንተ ምታው» ይለዋል ሰዒድን። ሐዘንተኛ ከበሮ አይመታም። እኔ ግን ያሰብሁት ምስሩ ክፉ ክፉውን እየነገረው ስለ ፈራ ነው ብዬ ነው። ከሰዒድ ይበልጥ ለእውነቱ የቀረብሁት ምናልባት እኔ ሳልሆን አልቀርም።

በዚያው ሰሞን እቴ ፋጡማ መመላለስ አበዛች። ሆቴል አልጋ የምታነጥፍ፣ ከፎቅ የምትኖር፣ ድምፅዋ ከደረጃው ቀድሞ የሚወርድ ሴት ነበረች። ድሮ ስታየኝ «አንተ ድንቢጥ፣ እናትህ ስትመጣ ምን በላ ልበላት? አጥንትህን ልቁጠርላት?» እያለች ትቀልድብኝ ነበር። አሁን ቀልዱን ተወችው። በየሁለት ቀኑ በሳህን ሸፍና ወጥ ታመጣለች፤ ሸሚዜን ትተኩሳለች፤ ራሴን ስትዳብስ እጅዋ ይቆያል። አባቴ ከሥራ ሲገባ በኮሪደሩ በሹክሹክታ ያወራሉ። ነገሩ ግልጽ መሰለኝ፦ አባቴን ልታገባው ነው። እናቴ ሳትደርስ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሳህን ይዛ ስትገባ በሩ ላይ ቆምሁ።

«እቴ ፋጡማ፣ ወጥ አታምጪ። እናቴ ስትመጣ ትሠራልናለች። ሳህኖችሽንም እሷው ትመልስልሻለች።»

ሳህኑን መሬት ላይ አስቀምጣ፣ የሻሽዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ወጣች። በመስኮቱ ጫማዎቿን አየኋቸው፤ በሣሩ ላይ ቆመው ብዙ ጊዜ አልተንቀሳቀሱም። ያሸነፍሁ መሰለኝ። ወጡን ሰዒድ መጥቶ በላው።

የካቲት ላይ ሰዒድ አንድ ማስታወቂያ ይዞ መጣ። በሐይቁ አጠገብ የሚኖር አንድ ሽማግሌ አሜሪካዊ የወጣትነት ድራሙን ይሸጣል። «አባባ፣ ቆዳ ነው! ኮል አድርጌ ጠይቄዋለሁ። ሪል ቆዳ!» አባቴ ሥራ አለብኝ አለ። በሚቀጥለው እሑድ ደግሞ ታመምሁ አለ። በሦስተኛው ሄድን።

ሽማግሌው በሚንቀጠቀጡ እጆቹ በምድር ቤቱ ደረጃ መራን። በወጣትነቱ በዳንስ አዳራሾች እየዞረ ይመታ ነበረ፤ አሁን እጆቹ ዱላ አይዙለትም። ድራሙ በነጭ አንሶላ ተሸፍኖ ነበር። ሲገልጠው ቀለሙ የወተት ዕንቁ ይመስላል፤ በእርጅና ወደ ቅቤነት ያደላ። ቆዳው እውነተኛ የጥጃ ቆዳ ነው፤ የአከርካሪው መሥመር እንኳ በመካከሉ ይታያል። የሚገርመው፣ በትልቁ ከበሮ ሆድ ውስጥ አንዲት የኤሌክትሪክ አምፖል ነበረች። ሽማግሌው ማብሪያውን ሲጫን የከበሮው ፊት ከውስጥ እንደ ጨረቃ በራ።

«ለምንድን ነው?» አልሁ ለሰዒድ።

ሰዒድ ጠይቆ መለሰልኝ። «በዚህ አገር እርጥበት ቆዳው ይላላል። በአምፖሉ ሙቀት ነው የሚደርቀው።»

አባቴ ይህን ሲሰማ ወደ ከበሮው ቀረበ። እኛ ድቤን በፀሐይ ወይም በፍም እናሞቃለን፤ ይህ ሰው ፀሐዩን ከበሮው ሆድ ውስጥ አስገብቶታል። አባቴ የሰውየውን ትከሻ ነካ አደረገ። ቋንቋ አልነበራቸውም፤ ግን ለደቂቃ ያህል አንድ ቆዳ ላይ ጎንበስ ብለው ሁለት የአንድ መንደር ሰዎች መሰሉ። ከዚያ ምስሩ ወጣ። ሰዒድ ጠርዙን መታ። ምስሩ ነቃ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ከየአቅጣጫው ተጉዞ መሐሉ ላይ ተሰበሰበ። አንዲትም አልቀረች።

«መጣች!» ብዬ ጮኽሁ። «አባባ፣ እናቴ መጣች!»

ሰዒድ ሳቀ። ሽማግሌውም ምን እንደ ተባለ ሳያውቅ ሳቀ። የአባቴን ፊት ሳይ ግን የበራው አምፖል የጠፋ መሰለኝ።

«አንገዛም» አለ።

«ምን?» አለ ሰዒድ። «ምኑ ነው? ቆዳ አልህ፣ ቆዳ ነው። ጠርዙ ደኅና ነው። ምስሩ...»

«ድምፁ ሐዘን አለው።»

«ድምፁን መቼ ሰማኸው? አንድ ጊዜ እንኳ አልመታኸውም!»

ሽማግሌው ጠቡ የዋጋ መስሎት፣ ያለንን ያህል እንድንከፍልና እንድንወስደው ለሰዒድ ነገረው። ሰዒድ ተረጐመ። ሁለት ጊዜ ተረጐመ። አባቴ ምስሩን አንድ በአንድ ለቀመና ወደ ደረጃው ሄደ። በዕድሜዬ አባቴ ሲዋሽ ያየሁት ያን ዕለት ነው፤ ውሸት መሆኑንም ሦስታችንም እናውቅ ነበር፤ ለምን እንደ ሆነ ግን ያወቀ እሱ ብቻ ነው።

አውቶቡስ ውስጥ ሰዒድ አባታችን ፊት ለፊት ቆሞ ነበር፤ ሊቀመጥ አልፈለገም።

«አንተ እሷ እንድትመጣ አትፈልግም» አለው። «እቴ ፋጡማ አለችልህ። እናቴ እንድትመጣ አትፈልግም።»

እኔ ነበርሁ ስለ እቴ ፋጡማ የነገርሁት። አባቴ በጥፊ ይመታዋል ብዬ ዓይኔን ጨፈንሁ። ስገልጥ አባቴ በመስኮቱ ወደ ውጭ ያይ ነበር። መስኮቱ በጉም ተሸፍኖ ስለ ነበረ የሚታይ ነገር አልነበረም።

በሚከተለው ዓርብ ከትምህርት ቤት ስመለስ በራችን ላይ የሽማግሌው አሜሪካዊ ረጅም መኪና ቆሟል። ሰዒድ ሄዶ ከፍሎ ገዝቶታል፤ ሰውየውም አዝኖለት በራሱ መኪና አመጣለት። የማደሪያ ክፍላችን ሌላ ነገር የማይዝ ሆነ። ሶፋውን ገፍተን፣ ትልቁን መሐል አቁመን፣ ትንንሾቹን በዙሪያው ደርድረን፣ አምፖሏን ሰካን። ያ እርጥብ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ የደረቀ ነገር ሸተተ፦ የቆዳ፣ የእንጨት፣ የሞቀ አቧራ። ሰዒድ ልብሱን ሁለት ጊዜ ለወጠ። አባታችን ሲገባ ምን እንደሚል እየተለማመደ ነበር።

አባቴ ገብቶ የረጠበ ካፖርቱን ሳያወልቅ ቆመ።

«ገዛኸው» አለ።

«ገዛሁት። አትቆጣ፣ አባባ። በአውቶቡሱ የተናገርሁትን...»

«አልቆጣም።»

ዙሪያውን ዞረው። አንዲት የላላች ብሎን አግኝቶ በጥፍሩ አጠበቃት። «ጥሩ ድራም ነው» አለ በመጨረሻ። «ያን ዕለትም ጥሩ ነበር። ከሁሉም የሚበልጠው ይኸው ነበር።» ሰዒድ ተንደርድሮ ጉልበቱን ሳመው። አባቴ እጁን በሰዒድ ራስ ላይ አድርጎ ብዙ ቆየ። ከዚያ ወደ ኩሽናው ሄዶ ስልኩን አነሣ። እኔ ከበሩ ጀርባ ነበርሁ።

«ሸህ... አዎ። ገዝቶታል» አለ። «ከእንግዲህ አይቻልም። ነገ፣ ከሱብሒ ሶላት በኋላ። ሁሉም ይምጡ። ሴቶቹም።»

እየሮጥሁ ሄድሁ። «ሰዒድ! አባባ ሰዎቹን ሁሉ ጠራቸው! ነገ ጠዋት ድራሙን ሊያዩ ይመጣሉ! ሸህ ኢድሪስም!»

ሰዒድ አላመነኝም። ምን ብሎ እንደ ጠራቸው አስደገመኝ። ደገምሁለት፦ «ገዝቶታል፤ ሁሉም ይምጡ።» ከዚያ አመነ። ነጭ ሸሚዙን ተኮሰ። ይህን የጻፍሁት ለዚህ ነው፤ የነገርሁት እኔ ነኝ።

ፀሐይ ሳትወጣ ጫማዎች በመስኮታችን ማለፍ ጀመሩ። አንድ በአንድ ገቡ፤ ጫማቸውን በሩ ላይ ተዉ፤ «አሰላሙ አለይኩም» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። ዐሥራ አምስት ይሆናሉ። ሴቶቹ ወደ ኩሽናው ገቡ፤ እቴ ፋጡማ ስታልፍ አላየችኝም። ወንዶቹ ቦታ ስለ ጠበበ በድራሙ ዙሪያ፣ ከግድግዳው ተጠግተው ተቀመጡ፤ አንዳንዱ ጉልበቱ ከከበሮው ሆድ ጋር ይነካካል። ማንም አላወራም። እኔ አክብሮት መሰለኝ። ሸህ ኢድሪስ በመሐል ቦታ ተሰጣቸው። አባቴ ከጎናቸው ተቀመጠ፤ ሌሊቱን አልተኛም ነበር።

ሸህ ኢድሪስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሰዒድ» አሉ፣ «ልጄ፣ የመጣንበት ነገር...»

«አውቃለሁ፣ ሸህ!» አለ ሰዒድ። ፊቱ በራ። «ቆዩኝ። ከመናገርዎ በፊት ላሰማችሁ።»

ሰዒድ ከበርጩማው ላይ ተቀመጠ። ዱላውን ወደ ጎን አኖረ። በመዳፉ፣ እንደ አባታችን፣ ጀመረ፤ በእግሩ ደግሞ ትልቁን ከሥር ያስከትላል። የመንዙማ ምት ነበር። ያቺን ከሱቁ ውስጥ የሰማናትን፣ አባቴ ያላሳየውን የመጨረሻዋን፣ ለብቻው ፈልጎ አግኝቷታል። አባቴ ሊነሣ ተነቃነቀ። ሸህ ኢድሪስ የካፖርቱን ጫፍ ያዙት።

«ተወው» አሉ። «ይጨርስ።»

አባቴ ተቀመጠ። ከግድግዳው ወገን አንድ ሰው፣ ማን እንደ ሆነ አላወቅሁም፣ በጉሮሮው ቀስ ብሎ ተቀበለ። ድቤ ሲመታ ዝም ማለት አያውቁም፤ ሌላው ተከተለ። ዝቅ ባለ ድምፅ እየተቀበሉ ዕንባቸው በጢማቸው ይወርድ ነበር። ሰዒድ አያቸው፤ የልብ ልብ ተሰማው፤ አጠነከረው። እኔ በአምፖሏ አጠገብ ቆሜ አጨበጨብሁ። እናቴ በዚያች ደቂቃ በመንገድ ላይ እንደ ሆነች እርግጠኛ ነበርሁ፤ ከዚህ የበለጠ ጥሪ እንደማይኖርም እርግጠኛ ነበርሁ፤ መዳፌ እስኪቀላ ድረስ አጨበጨብሁ።

ሰዒድ ጨረሰ። ላቡን በነጩ እጅጌው ጠረገ።

«ይህ እኮ ገና ነው፣ ሸህ» አለ እየሳቀ። «እናቴ ስትገባ ይሰሙታል።»

ሸህ ኢድሪስ ተነሡ። የተቀመጡት ሁሉ አብረዋቸው ተነሡ። ከኩሽናው የአንዲት ሴት ድምፅ ወጥቶ በእጅ ታፈነ። ሰዒድ አንዱን ፊት ከሌላው እያስተያየ ወደ አባቴ ዞረ፤ ሳቁ ገና ከከንፈሩ አልወረደም።

እኔ አሁንም አጨበጭብ ነበር።